ዱምዱም ጥይት ምንድን ነው?

ለረጅም ጊዜ ቃሉ የእኛው ይመስለኝ ነበር። ዱልዱም ቢላ እንደምንለው፣ ጫፉ የደነዘ ጥይት ማለት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ነገሩማ ገጥሟል፤ ዱምዱም ጥይት ጫፉ ሹል አይደለም። ስሙ ግን የቦታ ስም ነው። ዱምዱም ሕንድ ውስጥ፣ ካልካታ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። እንግሊዞች እዚያ የጥይት ፋብሪካ ነበራቸው። ዛሬ የካልካታ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በዚያው አካባቢ ነው። (ዓመቱንም ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ጥይት ሲቀጥን ነው። የአድዋ ዘመኑን ውጅግራ ጠመንጃ አስቡት። ስሙ እንኳ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ልባስ የሌለው ድፍን እርሳስ ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ አጥንት ሲመታ ይጠፈጠፋል። ከዚያ ጭስ አልባ ባሩድ መጣ። አዲሱ ባሩድ አረሩን በጣም ስለሚያፈጥነው ራቁቱን እርሳስ አልቻለውም። ስለዚህ አረሩን አቀጠኑት፣ ጠንካራ ብረትም አለበሱት። የእንግሊዙ ሊ ሜትፎርድ ጠመንጃ አረር 7.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር።

ቀጭኑ ጥይት ሩቅ ይሄዳል፣ አነጣጥሮ ለመምታትም ይመቻል። ችግሩ፣ በሰው ገላ እንደ መርፌ አልፎ ይወጣል። በ1895 እንግሊዞች ዛሬ ፓኪስታን በሚባለው አገር ቺትራል ላይ ሲዋጉ ወታደሮቹ ማጉረምረም ጀመሩ። መትተነዋል የሚሉት ሰው አልወድቅ አላቸው። የዱምዱም ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ካፒቴን ኔቪል በርቲ ክሌይ መላ አመጣ። የልባሱን ጫፍ አስወግዶ እርሳሱ ብቅ እንዲል አደረገው። ዋናው ዱምዱም ይኸው ነው። ጫፉ የተቦረቦረው፣ ዛሬ «ሆሎው ፖይንት» የሚባለው ዓይነት፣ ከዚህ ለጥቆ በእንግሊዝ አገር ፋብሪካዎች በብዛት ተመረተ። በሕዝብ አፍ ግን ሁለቱም ዱምዱም ናቸው።

ቀዳዳው ምን ይሠራል? የሰውም የአውሬም ገላ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ቢጫኑት አይጨመቅም። አረሩ ገላ ውስጥ ሲገባ ያ ቀዳዳ እርጥብ ነገር ይሞላዋል። ግፊቱ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፈትረዋል። አረሩ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፤ ስፋቱ አንድ ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት እጥፍ ይሆናል። የሰፋ ነገር ደግሞ ቶሎ ይቆማል። ቁስሉ ሰፊ የሚሆነው፣ አረሩም ብዙ ጊዜ በወዲያኛው በኩል የማይወጣው ለዚህ ነው። ፍጥነት ካነሰው ግን አይከፈትም። ቀዳዳው በወፍራም ልብስ ክር ከተደፈነም እንደ ተራ ጥይት አልፎ ይሄዳል።

በ1898 የእንግሊዝ ጦር ሱዳን ዘመተ። ጠላቱ ድርቡሽ ነበር፤ አፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ የወደቁበት ያው ድርቡሽ። ወታደሮቹ ሰፈራቸው ተቀምጠው የጥይታቸውን ጫፍ በሞረድ ይሞርዱ ነበር። ኦምዱርማን ላይ ደግሞ ከፋብሪካ የመጣው ጫፈ ቡርቡር ጥይት ሥራ ላይ ዋለ።

በዓመቱ፣ በ1899፣ መንግሥታት ሄግ ላይ ተሰብስበው በገላ ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋና የሚጠፈጠፍ ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ ተስማሙ። እንግሊዝ እምቢ አለች። መልእክተኛዋ ሰር ጆን አርዳ ያቀረበው ምክንያት ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል። የሠለጠነ ወታደር ሲቆስል ወደ ኋላ ይላል፣ «አረመኔ» ግን ቢመታም መሮጡን አያቆምም ነው ነገሩ። እንግሊዝ የፈረመችው በ1907 ነው። ስምምነቱ ራሱ የሚሠራው በፈራሚዎች መካከል ብቻ ነበር። ቅኝ ለሚገዛ ሕዝብ ጥላ አልሆነም።

ቃሉ ወደ እኛ የመጣው በክስ መልክ ነው። በ1935 ጣሊያን ስትወረን ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሳሉ ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ጮኸች። ደጋሃቡር አካባቢ የወደቀው አብራሪዋ ቲቶ ሚኒቲ ተይዞ መገደሉንም ጨመረች። ለመርዝ ጋዟ ማመካኛ ያደረገችው ይህን ነበር። ቀኑን ስታዩት ግን አይገጥምም። ሚኒቲ የወደቀው ታኅሣሥ 26 ሲሆን፣ የራስ እምሩ ጦር ተከዜ ላይ የመርዝ በርሜል የወረደበት ከዚያ በፊት ነው። ደግሞስ ለትልልቅ አውሬ አደን ጫፈ ለስላሳ ጥይት በዓለም ገበያ እንደ ልብ ይሸጥ ነበር። አንዳንዱ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ፣ ይህን ከአውሮፕላን ከሚዘንብ መርዝ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ግራ የሚያጋባው ክፍል። ይህ ጥይት ለወታደር ሲከለከል ለፖሊስና ለአዳኝ ተፈቅዷል። የኒውዮርክ ፖሊስ በ1998 ወደ ሆሎው ፖይንት ለመዞር ወሰነ። ምክንያቱም በተጨናነቀ መንገድ ላይ ተራ ጥይት የታለመለትን ሰው በስቶ ከኋላው ያለውን መንገደኛ ይመታል። ለአዳኝም፣ አጋዘኑ ቆስሎ ጫካ ገብቶ ሲሠቃይ ከሚያድር እዚያው ቢወድቅ ይሻላል። በአንዳንድ አገሮች ለአጋዘን አደን የሚሰፋ ጥይት ግዴታ ነው። በቤታቸው እርሳስ አቅልጠው፣ መሃሉ ዘንግ ባለው ቅርጽ ማውጫ የሚያፈሱ አሜሪካውያን የተኩስ አፍቃሪዎችም አሉ፤ የእርሳስ ብናኝና ጭስ ግን ለራሳቸውም ለልጆቻቸውም መርዝ ነው።

በጦር ሜዳ ግን ነገሩ አሁንም ወንጀል ነው። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሮም ስምምነት በ1998 የጦር ወንጀል ብሎ ጻፈው። በ2010 ካምፓላ ላይ ደግሞ ክልከላው በአገር ውስጥ ጦርነትም እንዲሠራ ተጨመረበት። አሜሪካ ያላችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ «ጄ ኤች ፒ» የሚል ካያችሁ ልባስ ያለው ጫፈ ቡርቡር ማለት ነው። ኒው ጀርሲ ከሆናችሁ ግን ሕጉን ቀድማችሁ አንብቡ፤ ቤት ማስቀመጥ ይፈቀዳል፣ ይዞ መዞር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስከስሳል።