የድሮ የኮምፒውተር ጎልፍ በጎጃም

ጎጃም ውስጥ ጌም ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው እግር ኳስ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ፕሌይስቴሽን ቤት ብትገቡ አርሰናልና ማንቼ ሲጋጠሙ ነው የምታዩት። ጎልፍ የሚጫወት ጥቂት ነው፤ የድሮውን የኮምፒውተር ጎልፍ የሚጫወት ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት። እኔ ግን ይሄ ጌም ለኛ አካባቢ ኑሮ ከብዙዎቹ አዳዲስ ጌሞች የበለጠ ይስማማል ባይ ነኝ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ጠንካራ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ ጨዋታው ደግሞ በተራ ስለሆነ አንድ ኪቦርድ ለሁሉም ይበቃል።

የድሮ ጎልፍ ስል ከ1980 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት የወጡትን ማለቴ ነው፤ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጎልፉ ራሱ ምንድነው ለሚል፦ 18 ጉድጓድ አለ። ከመነሻው ተነስቶ ኳሷን ባነሰ የምት ብዛት ጉድጓድ ውስጥ የከተተ ያሸንፋል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ፓር የሚባል የምት ቁጥር ተመድቦለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ 3፣ 4 ወይም 5 ነው። የ18ቱ ድምር ብዙ ሜዳ ላይ 72 ይመጣል። ከፓር በአንድ ያነሰ ምት በርዲ ይባላል፣ በአንድ የበለጠ ደግሞ ቦጊ። ርቀት የሚለካው በያርድ ነው፤ አንድ ያርድ 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው ጫፉ በቆለፈ ዱላ ትንሽ ሩር መምታት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ገና ግን የቡድን ግጥሚያ ነው፤ ሩጫ አለው፣ ግፊያ አለው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» የተባለውም ለዚህ ነው። ጎልፍ ላይ የሚገፋችሁ የለም። ትግሉ ከመሬቱና ከነፋሱ ጋር ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም ነገር የሚያልቀው በሦስት ንክኪ ነው። መጀመሪያ ስትነኩ ተጫዋቹ ዱላውን ወደ ኋላ ማንሳት ይጀምራል፣ አጠገቡ ያለው የኃይል መለኪያም ይሞላል። ሁለተኛው ንክኪ ኃይሉን ይወስናል። ሦስተኛው ዱላው ኳሷ ጋር በሚደርስበት ቅጽበት መሆን አለበት፤ ብትቀድሙ ኳሷ ወደ አንዱ ጎን ትታጠፋለች፣ ብትዘገዩ ወደ ሌላው። መለኪያውን ከልክ በላይ ልሙላው ካላችሁ ኳሷ ርቃ ትሄዳለች፣ ትንሿ ስሕተትም አብራ ትጎላለች። ሕፃን በደቂቃ ይለምደዋል። ግን ጣት ከመንካቱ በፊት ያለው ሐሳብ ነው ጨዋታው። ነፋሱ ከፊት ነው ከኋላ? በቀጥታ ውኃውን ልሻገር ወይስ ዞሬ አንድ ምት ልክሰር? ግሪን የሚባለው ጉድጓዱ ያለበት ሣር ላይ ስትደርሱ ደግሞ ጉልበት ዋጋ የለውም፣ ተዳፋቱን ማንበብ ነው ያለባችሁ። አንዳንዶቹ ጌሞች ለዚህ ሣሩ ላይ የመስመር ፍርግርግ ያወጣሉ፤ መስመሩ የት ጋ ዝቅ እንዳለ አይታችሁ ከጉድጓዱ ጎን አልማችሁ ትመታላችሁ። እኔ ከጌሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይቺን ክፍል ነው።

ታሪኩን በአጭሩ። ኒንቴንዶ የሚባለው የጃፓን የጌም ድርጅት በ1984 ያወጣው ጎልፍ ትልቅ መነሻ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሳቶሩ ኢዋታ ነው፤ ኋላ በ2002 የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰውዬ። ኢዋታ በ2015 ሲሞት ሠራተኞቹ አልረሱትም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ስዊች የተባለው ማሽን ውስጥ ይሄው ጎልፍ ተደብቆ ተገኘ፣ የሚከፈተውም እሱ በሞተበት ቀን፣ ጁላይ 11 ነበር።

በኮምፒውተር በኩል ስሙ የገነነው አክሰስ ሶፍትዌር ነው፣ አሜሪካ ዩታ ያለ ድርጅት። በ1986 ሊደር ቦርድ የተባለውን ጌም ኮሞዶር 64 ለሚባለው የዚያን ጊዜ የቤት ኮምፒውተር አወጣ። ዛፍ የለ፣ አሸዋ የለ፣ በውኃ የተከበቡ አረንጓዴ ደሴቶች ብቻ፤ ሆኖም የኳሷ አበራረር እውነተኛ ይመስል ነበር። በ1990 ሊንክስ መጣ፣ ሜዳውም ካሊፎርኒያ ያለው እውነተኛው ቶሪ ፓይንስ ነበር። በዚያ ዘመን ማሽን ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ምስሉ ዛፍ በዛፍ እየተሳለ ነበር የሚመጣው፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በ1992 ሊንክስ 386 ፕሮ ተከተለ፣ ምስሉም ጠራ። በዚያው ዓመት የወጣው ማይክሮሶፍት ጎልፍም ከሊንክስ የተወለደ ነው። በ1999 ማይክሮሶፍት አክሰስ ሶፍትዌርን ጠቅልሎ ገዛው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በሚባለው ሌላ የጌም ድርጅት በኩል ደግሞ የ1990ው ፒጂኤ ቱር ጎልፍ አለ፤ ምት ከመጀመሩ በፊት ሜዳውን ከላይ እየበረረ ያሳያችኋል። ለእኔ ግን ከሁሉም ሊንክስ 386 ፕሮ ይበልጣል።

የታዋቂው አሜሪካዊ ጎልፍ ተጫዋች የጃክ ኒክላውስ ስም ያለበት የ1990ው አንሊሚትድ ጎልፍ ደግሞ ሌላ ነገር አለው፦ ሜዳውን ራሳችሁ ትሠራላችሁ። ዛፉን ትተክላላችሁ፣ ውኃውንና አሸዋውን የፈለጋችሁበት ታስቀምጣላችሁ። እዚህ ጋ ነው የጎጃም ሰው ተሰጥኦውን የሚያወጣው። በግራ በኩል ረዥም ውኃ አስተኝታችሁ የጣና ዳር አድርጉት፤ ዳር ዳሩን በዛፍ ሙሉት፣ ጉድጓዱን ውኃው አጠገብ አድርጉና ፓር 3 በሉት። ደፋሩ በውኃው ላይ አሻግሮ ይመታል፣ ጠንቃቃው በቀኝ በኩል ይዞራል። ተማሪ ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ይሄን ለልጆች ቢሰጥ ርቀትና ማዕዘን ያለ ጥቁር ሰሌዳ ይገባቸው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ነገር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም የኖርነው ነው። አዲስ ጌም ገና ሲከፈት አፕዴት ካልተደረገ ይላል፣ አካውንት ይጠይቃል፣ መጠኑ በአሥር ጊጋባይቶች ነው። እነዚህ የድሮዎቹ ጥቂት ሜጋባይት ናቸው። አንዴ ፍላሽ ላይ ከሆኑ ከዳንግላ ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና በኪስ ይዞራሉ። መብራት ሲጠፋ በላፕቶፕ ባትሪ ብዙ ይገፋሉ፣ ጌሙም ባለበት ሴቭ ይደረጋል። ሊንክስ 386 ፕሮ ላይ ደግሞ የተጫወታችሁትን ዙር መቅዳት ይቻላል፤ ሌላ ሰው ፋይሉን ወስዶ ከእናንተ ጋር አብሮ እንዳለ ሆኖ ይጫወትበታል። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ያለ ወንድም ዙሩን ቀድቶ በመንገደኛ ፍላሽ ቢልክ ባሕር ዳር ያለው ያለ ኢንተርኔት ይገጥመዋል ማለት ነው። የኔ ምኞት ይሄ እንዲለመድ ነው።

ቤት ውስጥም ያምራል። አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ቡናቸውን ይጠጣሉ፣ ምክር ይሰጣሉ፣ ተራው ሲደርስ ይነሳሉ። የሚሮጥ ጣት ስለማይፈልግ አባትና እናትም ከልጆች እኩል ይጫወታሉ፤ ኳስ ጌም ላይ ይሄ አይሆንም። ለጀማሪ ሙሊጋን የሚባል አለ፣ የተበላሸን ምት መድገም ነው። እንግዳ ከሆነ ፍቀዱለት፣ ከለመደ በኋላ ግን ከልክሉት፣ አለዚያ ጨዋታው ጣዕም ያጣል።

ለመጫን የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነው። ዶስ ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተር ይሠራበት የነበረው ሥርዓት ነው፤ ለሱ የተሠሩ ጌሞች በዛሬው 64 ቢት ዊንዶውስ በቀጥታ አይሠሩም። ለዚህ ዶስቦክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ከ2002 ጀምሮ ያለ ነው፤ ኮምፒውተራችሁን የድሮ ማሽን አስመስሎ ጌሙን ያስነሳል። ጌሙ ያለበትን ፎልደር እንደ ሲ ድራይቭ ታስይዙታላችሁ፣ ከዚያ ማስነሻውን ፋይል መጥራት ነው። የኃይል መለኪያው በጣም ከፈጠነ ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤፍ 11 ተጫኑ፣ ይቀንሳል፤ ከተንቀራፈፈ ኤፍ 12። ይሄን ሳያስተካክሉ «ጌሙ አይመታም» ብለው የሚተዉ ብዙ ናቸው። ማውሱ መስኮቱ ውስጥ ከታሰረ ኮንትሮልና ኤፍ 10 ይፈታዋል። ጌሞቹ አሮጌ ቢሆኑም ባለመብት አላቸው፤ ኦርጅናሉን ወይም በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠውን ካገኛችሁ እሱን ያዙ።