ቸርችል በ1945 የተነጠቀው ወንበር የቱ ነው?

ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ቸርችል ጦርነቱን አሸንፎ በምርጫ ከፓርላማ ተባረረ አይደል?» ባለፈው ደግሞ ለቅሶ ቤት አንድ ጋሼ ይህንኑ ሲተርኩ ሰማሁ። ዝም ማለት አቃተኝ።

አልተባረረም! የተነጠቀው ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ነው። እንግሊዝ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር በቀጥታ አይመረጥም። መራጩ የምርጫ ክልሉን እንደራሴ ብቻ ይመርጣል። ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል። በ1945 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሌበር ፓርቲ የቸርችልን ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ በልጦ 393 ወንበር አገኘ፤ የሌበር መሪ አትሊ ሥልጣን ያዘ። ቸርችል ግን ለንደን ጫፍ ላይ ባለችው ዉድፎርድ በ27,688 ድምፅ ወንበሩን ይዞ ቀረ።

«እንግዲያው ሰፈሩ ይሞትለት ነበር» እንዳትሉኝ ብቻ። ሌበርና ሊበራል ለክብሩ ሲሉ እጩ አላቆሙበትም። የገጠመው ፓርቲ የሌለው አንድ ገበሬ ነው። ለዚያ ገበሬ 10,488 ሰው ድምፅ ሰጠው! ደግሞ ዉድፎርድ የተቆረጠችው ከቀድሞ ክልሉ ከኤፒንግ ነው። ኤፒንግ የሚለውን ስም ይዞ የቀረው ክፍል በዚያው ምርጫ ለሌበሯ ሊያ ማኒንግ ሆነ። ይህን ሁሉ ለጋሼ አስረዳሁ። «ቢሆንም ተሸንፏል» ብለው ካርታቸውን በወዙ።

ሌሎችም የምሰማቸው ስህተቶች አሉ። «ቸርችል ዕድሜ ልኩን አንድ ቦታ ነው የተመረጠው»፦ ኧረ በፍጹም። ኦልደም፣ ማንቸስተር፣ ዳንዲ፣ ሁሉንም ዞሯል። ዳንዲ በ1922 ጉድ ሠራችው፤ አራተኛ ወጣ። ካሸነፉት አንዱ መጠጥ በሕግ ይከልከል የሚል ሰው ነበር። ኤፒንግ የገባው በ1924 ነው።

«ኤፒንግ ሁሌም ከጎኑ ነበረች»፦ በ1938 የቼኮዝሎቫኪያን መሬት ለሂትለር የሰጠውን የሙኒክን ስምምነት ስለተቃወመ የገዛ ፓርቲው ሰዎች ሊያወርዱት ተነሡ። በ100 ለ44 ድምፅ ተረፈ።

«ሲልቪያ ፓንክረስት የዉድፎርድ እንደራሴ ነበረች»፦ ይህ የኛ ሰው ስህተት ነው። ሲልቪያ ፓርላማ ገብታ አታውቅም። ዉድፎርድ ነዋሪ ነበረች። ጣልያን ሲወረን ለኢትዮጵያ የቆመውን ጋዜጣዋን ከ1936 ጀምሮ የምታዘጋጀው ከዚያ ሆና ነው። በ1956 አዲስ አበባ ገባች፤ አሁን መቃብሯ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ያን ሁሉ ዓመት ዉድፎርድ ስትኖር የሰፈሯ እንደራሴ ማን ነበር? ቸርችል።