የብሔራዊ ቡድን ጨዋታን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ገብቶ ማየት

ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ስታዲየም ገብቶ ማየትና በቴሌቪዥን መከታተል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቤት ስንሆን የምናየውን የሚመርጥልን ካሜራው ነው። ስታዲየም ውስጥ ግን ሜዳው በሙሉ ፊታችን ነው፤ የት እንደምናይ የምንወስነው እኛ ነን። አዲስ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚጋባው በዚህ ነው። ቆይቶ የሚወደውም ይህንኑ ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። የመጀመሪያው ይፋዊ የአገራት ጨዋታ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1872 ግላስጎው ውስጥ ነበር። ስኮትላንድና እንግሊዝ በአንድ የክሪኬት ክለብ ሜዳ ላይ ተገናኙ። 4,000 ያህል ሰው ተገኝቶ 0 ለ 0 ተለያዩ።

የአገር ጨዋታ ከክለብ ጨዋታ የሚለየው በድባቡ ነው። በሊጉ ሲፎካከሩ የሚከርሙ የሁለት ክለብ ደጋፊዎች ያን ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ለአንድ ማልያ ይጮኻሉ። ይህ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። የጨዋታው ዓይነትም ለውጥ አለው። በወዳጅነት ጨዋታ አሰልጣኙ ብዙ ተጫዋች ስለሚቀያይር ፍጥነቱ ይቀዘቅዛል። ማጣሪያ ላይ ግን ነጥብ አለ፤ ውጥረቱ ወንበር ድረስ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው እኔ የምመርጥለት ማጣሪያ ነው። ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ግን ወዳጅነቱ ይሻላል።

ትኬት ላይ በር፣ ክፍል፣ ረድፍና የወንበር ቁጥር ይጻፋል። ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት በሩ ነው፤ በተሳሳተ በር የተሰለፈ ሰው ስታዲየሙን ዞሮ እንደገና መሰለፉ አይቀርም። ትኬቱ ስልክ ላይ ከሆነ ባትሪው እስከ በሩ መድረስ አለበት። ፍተሻው ጊዜ ይወስዳል። ትልቅ ቦርሳ፣ ጠርሙስና ርችት ብዙ ቦታ አይገባም። ቀደም ብሎ የገባ ሰው ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ ያያል፤ ኳስ ምን ያህል በኃይል እንደሚመታ የሚገባን ያኔ ነው።

ቀጥሎ መዝሙር ነው። ብዙ ጊዜ የእንግዳው ቡድን ይቀድማል። ለእሱም ተነስቶ በጸጥታ መቆም ክብር ነው። የራስ መዝሙር ሲጀመር በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አብሮ ሲዘምር ሰውነት ይወርራል። ይህን ቴሌቪዥን በፍጹም አያደርሰውም።

ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ 105 በ68 ሜትር ነው። ከመሀል መስመር ትይዩ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው የቡድኑን አሰላለፍ በግልጽ ያያል። ከጎሉ ጀርባ ያለው ሞቅ ያለው ሰፈር ነው፤ ጭፈራው ሲደምቅ ወንበር ተረስቶ ሁሉም ይቆማል፣ ርቀት ለመገመት ግን ያስቸግራል። የትም ይቀመጡ፣ ለተወሰነ ደቂቃ ዓይንን ከኳሱ አንስቶ ኳስ ያልያዙትን መመልከት ይጠቅማል። ተከላካዮች እንደ አንድ ሰው ወደፊት ሲወጡ፣ በረኛው ሲጮህባቸው፣ የመስመር አጥቂው ኳስ እንደማይደርሰው እያወቀ ለጓደኛው ቦታ ለመክፈት ሲሮጥ ይታያል። ስታዲየም የመሄድ ትልቁ ትርፍ፣ በእኔ እምነት፣ ይኸው ነው።

ጎል ሲገባ ከመዝለል በፊት መስመር ዳኛውን ማየት ጥሩ ነው። ቫር (ዳኛውን በቪዲዮ የሚረዳው አሠራር) ባለበት ጨዋታ ይኸው መስመር ዳኛ አጠራጣሪ ኦፍሳይድ ሲያይ ጥቃቱ እስኪያልቅ ባንዲራውን ሳያነሳ ይቆያል። ቫር ሲታይ ተመልካቹ ምን እየሆነ እንደሆነ ሳያውቅ የሚጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ግን ዳኞች የመጨረሻ ውሳኔያቸውን በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ተናግረዋል። በየአጋማሹ መጨረሻ አራተኛው ዳኛ በሰሌዳ የሚያሳየው ጭማሪ ደቂቃም ትንሹን መጠን ነው፤ ዳኛው ሊያስረዝመው ይችላል።

ስለ መውጫ በሮች በቁም ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሊማ ላይ ፔሩና አርጀንቲና ለኦሊምፒክ ማጣሪያ ሲጫወቱ አንድ ጎል ተሻረ። ረብሻ ተነሳ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሕዝቡ ወደ መውጫው ሲተምም በሮቹ ተዘግተው ነበር። 328 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ደረጃዎቹ ላይ ተጨፍልቀው ነው። ስለዚህ ልክ እንደተቀመጡ የቅርቡን መውጫ ማየት፣ አብረው ከመጡት ጋርም ብንጠፋፋ የት እንገናኝ መባባል ያስፈልጋል።

ፊሽካው ሲነፋ ብዙ ሰው ወደ በሩ ይጣደፋል። ግፊያው እስኪቀል ወንበር ላይ መቆየት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ተጫዋቾቹ ሜዳውን ዞረው ለደጋፊው የሚያጨበጭቡትም ያኔ ነው፤ ከታች ረድፍ የተቀመጠ ሰው ላባቸውን ሳይቀር ያያል።