የፎክ ሙዚቀኞች ወደ ፖፕ ሲሻገሩ፦ የነባር አድናቂዎች ተቃውሞ

ፎክ በሚባለው የአሜሪካና የብሪታንያ ሕዝባዊ ዜማ ስም ያተረፉ ሙዚቀኞች ፊታቸውን ወደ ፖፕና ወደ ሮክ ሲያዞሩ፣ ከመጀመሪያው የተከተሏቸው አድማጮች ብዙ ጊዜ ይቆጣሉ። ቁጣው በአዳራሽ ውስጥ በጩኸት፣ ትርኢት አቋርጦ በመውጣት ወይም በመጽሔት በሚታተም ግልጽ ደብዳቤ ይገለጣል። በሰፊው የተመዘገበውና እስከ ዛሬ ማነጻጸሪያ ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1966 አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን የገጠመው ተቃውሞ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

ያን ጊዜ ፎክ ከሙዚቃነቱ በላይ እምነት ነበር ማለት ይቻላል። በሮድ አይላንድ ግዛት የሚካሄደው የኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል በ1959 ሲጀመር፣ የከተማ ወጣቶች የማዕድን ሠራተኞችን፣ የገበሬዎችንና የጥቁር አሜሪካውያንን የቆዩ ዘፈኖች እየፈለጉ ያጠኑ ነበር። ዘፈኑ ከሲቪል መብት ትግሉ ጋር አብሮ ሄደ። ነሐሴ 28 ቀን 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ታሪካዊ ንግግሩን ባሰማበት የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ዲላንና ጆአን ባዬዝ ዘፍነዋል። አድማጩ የለመደው አንድ ዘፋኝ፣ አንድ የእንጨት ጊታር፣ ቃል በቃል የሚሰማ ግጥምና አዝማቹን አብሮ የሚቀበል ሕዝብ ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ በዚያ ወገን ዓይን የሸቀጥ ሙዚቃ ምልክቶች ናቸው። በለንደን ደግሞ ኢዋን ማኮል ይመራው የነበረው የዘፋኞች ክበብ፣ እያንዳንዱ ዘፋኝ የገዛ አገሩንና የገዛ ቋንቋውን ዘፈን ብቻ እንዲያቀርብ ደንብ እስከማውጣት ደርሶ ነበር።

ቅሬታው ከኤሌክትሪክ ጊታሩ በፊት መጀመሩ ልብ ሊባል ይገባል። «ሲንግ አውት» የተባለው የፎክ መጽሔት አዘጋጅ ኧርዊን ሲልበር ለዲላን ግልጽ ደብዳቤ የጻፈው በኅዳር 1964 ነው። የወቀሳውም ፍሬ ነገር ዘፋኙ ስለ ሕዝብ መዝፈኑን ትቶ ስለ ራሱ ውስጣዊ ስሜት መዝፈን መጀመሩ ነበር።

ሐምሌ 25 ቀን 1965፣ እሑድ ማታ፣ ዲላን በኒውፖርት መድረክ ላይ ከፖል በተርፊልድ ባንድ አባላትና ከኦርጋን ተጫዋቹ አል ኩፐር ጋር ወጣ። ከአምስት ቀን በፊት ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ባንዱ የተጫወተው ሦስት ዘፈን ብቻ ነው። ከሕዝቡ መካከል የተቃውሞ ጩኸት ተነሣ፤ ያጨበጨበም ነበር። ዲላን ከመድረክ ከወረደ በኋላ መድረኩን ይመራ የነበረው ፒተር ያሮው ሕዝቡን ለማረጋጋት ተጨነቀ፤ ዘፋኙም አኮስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰማ) ጊታር ይዞ ተመልሶ ሁለት ዘፈኖች ጨመረ።

ሰዎች ለምን እንደጮኹ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። አንዳንዶች የድምፅ ማጉያው ግጥሙን ስለዋጠው ነው ይላሉ፤ ሌሎች ዋናው ዘፋኝ በሦስት ዘፈን መሄዱን ያነሣሉ። የፎክ ዘፋኙ ፒት ሲገርም «መጥረቢያ ቢኖረኝ ኖሮ የድምፅ መሣሪያውን ገመድ እቆርጥ ነበር» ማለቱን ራሱ አስረድቷል፤ ያናደደው ቃላቱ አለመሰማታቸው ነበር። እነዚህ ምክንያቶች እውነት አላቸው፤ ይሁንና ነገሩን ሁሉ አይፈቱትም። የበተርፊልድ ባንድ በዚያው ፌስቲቫል ላይ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲጫወት እንዲህ ያለ ቁጣ አላስነሣም። ባንዱ የመጣው ከቺካጎ የብሉዝ ቤቶች ስለሆነ ማንም ሌላ ነገር አልጠበቀበትም። ዲላን ግን «የእኛ» የተባለ ሰው ነበር፤ ያው መሣሪያ በእርሱ እጅ ሲገኝ ክህደት ሆኖ ታየ።

በቀጣዩ ወር በኒው ዮርክ ፎረስት ሂልስ ዲላን ትርኢቱን ለሁለት ከፈለው፤ መጀመሪያ ብቻውን በአኮስቲክ፣ ከዚያ ከባንድ ጋር። ይህ አከፋፈል ከዚያ በኋላም ቀጠለ፤ አድማጩም የመጀመሪያውን አጋማሽ በጸጥታ አዳምጦ በሁለተኛው መጮኽ ልማድ አደረገው። ከበሮ መቺው ሌቨን ሄልም የየምሽቱ ጩኸት ስለሰለቸው በ1965 መጨረሻ ጉዞውን ትቶ ሄደ። ግንቦት 17 ቀን 1966 በማንቸስተር ፍሪ ትሬድ አዳራሽ፣ በሁለት ዘፈን መካከል በነበረው ፋታ፣ ከታዳሚው አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሁዳ!» አለ። ዲላን «አላምንህም፤ ውሸታም ነህ» ሲል መለሰለት፤ ወደ ባንዱ ዞሮም ድምፁን ከፍ አድርገው እንዲጫወቱ አዘዘ። የዚያ ትርኢት ቅጂ በይፋ የወጣው በ1998 ነው።

እነዚያን ጯሂዎች ለውጥ የማይገባቸው አድርጎ መሣቅ የተለመደ ሆኗል። ይህ ፍርድ አግባብ አይደለም። ቲኬት ገዝተው፣ ግጥሙን በቃላቸው ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ያጡትም ነገር እውነተኛ ነበር። ከዘፋኙ ጋር አብሮ የመዝፈን ዕድል፣ የግጥሙ ጥራት፣ በአንድ ዓላማ የመሰባሰብ ስሜት፣ እነዚህ ሁሉ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ፊት ተመናምነዋል። ዲላን ያተረፈልን ታላቅ ሙዚቃ ይህን ኪሣራ አይሰርዘውም።

ገበያው ግን ከጯሂዎቹ ጋር አልነበረም። በርድስ የተባለው ባንድ የዲላንን «ሚስተር ታምበሪን ማን» በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቶ በ1965 በአሜሪካም በብሪታንያም የሽያጭ ሰንጠረዡን አናት ያዘ። የሁለቱ ዘፋኞች የሳይመንና ጋርፈንክል ታሪክ ይበልጥ ያስገርማል። የ1964ቱ የአኮስቲክ አልበማቸው ሰሚ አጥቶ ሁለቱም በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ፣ ፕሮዲውሰሩ ቶም ዊልሰን ሳያማክራቸው በ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ» ላይ ኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ ጨመረበት፤ ዘፈኑም በጥር 1966 በአሜሪካ አንደኛ ወጣ።

በቅርብ ዘመን ተመሳሳይ ክርክር ያስነሣው በ2007 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው መምፎርድ ኤንድ ሰንስ የተባለው ባንድ ነው። ባንጆ የተባለው ባለክር መሣሪያና መሪው ማርከስ መምፎርድ ጊታር እየተጫወተ በእግሩ የሚመታው ከበሮ የባንዱ መለያ ነበሩ፤ «ባቤል» የተባለው አልበም በ2013 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ተሸልሟል። በግንቦት 2015 የወጣው «ዋይልደር ማይንድ» ግን ባንጆውን ትቶ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ተመሠረተ። አልበሙ በአሜሪካም በብሪታንያም አንደኛ ቢወጣም፣ ብዙ ተቺዎችና ነባር አድማጮች ባንዱ ከሌሎች የስታዲየም ባንዶች የማይለይ ሆነ ሲሉ ወቀሱት። እዚህ ላይ የነባሮቹ ወቀሳ ከ1965ቱ የተሻለ መሠረት አለው፤ ዲላን የቀድሞውን ትቶ ማንም ያልሰማውን ድምፅ ሲያመጣ፣ መምፎርዶች መለያቸውን ጥለው ሌሎች ወደሞሉት ሜዳ ነው የገቡት። በ2018 በወጣው «ዴልታ» ባንጆው በከፊል ተመልሷል።