ፈሳሽ ንብርብር በኮምፒውተር ንድፍ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ኮምቦልቻ ላይ የፋይበርግላስ ታንከር ክዳን በኮምፒውተር ልንነድፍ ነው እንበል። ክዳኑ የሚሠራበትን የመስታወት ክር ጨርቅ ንብርብር በንብርብር ስናስገባ ሶፍትዌሩ የክሮቹን አቅጣጫ ይጠይቃል፤ 0፣ 45 ወይም 90 ዲግሪ። ግራ የሚያጋባው ተራው የጄልኮት (የክዳኑ ውጫዊ ገጽ የሚሆነው ፈሳሽ ቅብ) ሲሆን ነው። ፈሳሽ ክር የለው፣ አቅጣጫው ላይ ምን ይሞላል? ምንም። ፕሮግራሙ ባዶ አልቀበልም ካለ 0 ይጻፍለት፣ የሚለውጠው ነገር የለም። የሚቆረጥ ስላልሆነ የመቁረጫ ፓተርንም አይወጣለትም። የሚሸፍነው ስፋት፣ ውፍረቱና ዴንሲቲው (ሊትሩ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን) ይበቃል። ሞልዱ (ክዳኑ ቅርጹን የሚይዝበት ማውጫ) ላይ መጀመሪያ የሚቀባው እሱ ስለሆነ ደግሞ ከጨርቆቹ ሁሉ ቀድሞ ይመዘገባል።

4 ካሬ ሜትር ላይ 0.5 ሚሊሜትር ከተቀባ 2 ሊትር ነው፤ ሊትሩ 1.2 ኪሎ ቢመዝን 2.4 ኪሎ። ብሩሽና ባልዲ ላይ የሚቀረው ግዢው ላይ ይደመር እንጂ የክዳኑ ክብደት ውስጥ አይገባም።

ዋናው ወጥመድ ግን «ውፍረት» ሲባል የትኛው ነው የሚለው ነው፤ እርጥቡ ወይስ የደረቀው? ከይዘቱ ግማሹ የሚተን ቀለም 100 ማይክሮን ተቀብቶ ሲደርቅ 50 ይቀራል። ለግዢ እርጥቡ፣ ለልክና ለክብደት የደረቀው ይያዛል።

ጨርቁ የሚጠጣው ሬዚን፣ ማለትም ጠጥሮ ጨርቆቹን የሚያያይዘው ፈሳሽ ሙጫ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። በጨርቁ ውፍረት ውስጥ አስቀድሞ ከተቆጠረ፣ እሱን እንደገና ፈሳሽ ንብርብር አድርጎ ማስገባት ክብደቱን ያለአግባብ ያሳድገዋል። በደሴ ብርድ ሬዚን ከኮምቦልቻ ይልቅ ቀስ ብሎ መጠጠሩስ? እሱ የወርክሾፑ ጣጣ ነው፤ የንብርብር ሠንጠረዡ አይጠይቀውም።