91 ፕራይም አይደለም፣ ስንቴ ልበል?

ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ 91 ብዬ እጽፍና «ፕራይም ነው ወይስ አይደለም?» እላለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ነው!» ይለኛል። ዘንድሮም ያው። የመምህራን ማረፊያ ውስጥም ሰምቼዋለሁ፤ እሱን ተዉት።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። «1 ፕራይም ነው» ይባላል። አይደለም፤ ፕራይም ልክ ሁለት አካፋይ አለው፣ 1 እና ራሱ፤ የ1 አካፋይ ግን ራሱ ብቻ ነው። «ጎዶሎ ቁጥር ሁሉ ፕራይም ነው።» 9ን የት ልትከቱት? «ፕራይም ሁሉ ጎዶሎ ነው።» 2ስ?

አሁን ወደ ቁስሌ። 91 ለ7 ሲካፈል 13 ይደርሳል። አለቀ፣ ደቀቀ።

ሰው ለምን እንደሚሳሳት ግን ገብቶኛል። 1ን ተዉትና፣ ከ100 በታች ለ2፣ ለ3 እና ለ5 የማይካፈሉ ግን ፕራይም ያልሆኑ ቁጥሮች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 49፣ 77 እና 91። 49 እና 77ን በቃላችን እናውቃቸዋለን። ደብተር ጀርባ ላይ ያለው የማባዣ ሠንጠረዥ ግን 12 ላይ ይቆማል። 7 በ12፣ 84። ቀጥሎ 91 ነበር። በአንድ መስመር አመለጠን!

ባለፈው ክረምት ቢቸና አካባቢ ያሉት አጎቴ 91 የባሕር ዛፍ ችግኝ ገዙ። እኩል እኩል በመደዳ ሊተክሉ ፈለጉ። 11ኛ ክፍል የደረሰው ልጃቸው ጭቃው ላይ በእንጨት ሲጫጭር ቆየና «አባ፣ ፕራይም ስለሆነ አይሆንም» አላቸው። አጎቴ አንዷን ለጎረቤት ሰጥተው 90ውን ተከሉ። እኔ ስደርስ ሥራው አልቋል። «7 መደዳ፣ በየመደዳው 13 ይሆን ነበር» አልኳቸው። ልጁን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩኝ። «አንተ መምህሩ፣ ይኼን ነው የምታስተምሯቸው?»

ማሳቸው ወደ ጥግ ሹል ስለሆነ ሌላም መንገድ ነበር። ከጫፉ 1፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3 እያሉ እስከ 13 ቢተክሉ ድምሩ ያው 91 ነው። ይኼን አልነገርኳቸውም። በቂ ተቆጥተዋል።

«አኃዞቹን ስደምር 10 መጣ፣ ስለዚህ ፕራይም ነው» የሚሉም አሉ። ያ ዘዴ ስለ 3 እና ስለ 9 ብቻ ነው የሚነግርህ። ለ7 ሲሆን የመጨረሻውን አኃዝ እጥፍ አድርገህ ከቀረው ትቀንሳለህ፤ የመጣው ለ7 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል፦ 9 ሲቀነስ 2፣ 7። ደግሞም 11 በ11 121 ስለሆነ፣ ከ100 በታች ላለ ቁጥር 2፣ 3፣ 5 እና 7ን መሞከር ይበቃል። አራት ማካፈል ነው፣ ምን ያሰንፋል?

ለ91 ጥብቅና ልቁም ካልኩ፣ አዋቂም ያታልላል። 90 ሦስቶችን አባዝተህ ለ91 ብታካፍል ቀሪው 1 ነው፣ ልክ እንደ ፕራይም፤ 91 ፕራይም ቢሆን ኖሮ ከራሱ በአንድ ያነሱ ሦስቶች ተባዝተው ሲካፈሉለት 1 መቅረቱ ግድ ነበርና። በ3 ፈንታ 2 ብታደርግ ግን 64 ይቀርና ይጋለጣል።

ተማሪዎቼን ደብተራችሁ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሩ እላቸዋለሁ፦ 7 በ13፣ 91። የአጎቴ ልጅም ጨምሯል። አሁን 119 ፕራይም ነው እያለኝ ነው።