የዘኬዎስ አራት እጥፍ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እሑድ የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ፣ የምኩራብ ሰንበት ነበር። «እስመ ቅንዓተ ቤትከ በልዐኒ»፣ የቤትህ ቅንዓት በልቶኛልና፣ እያለ ዲያቆኑ ምስባኩን ሲሰብክ፣ የእኔ ልብ አንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ነው። አንዲት እናት የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። «ነገ ይምጡ» ሲባሉ ስንተኛቸው እንደሆነ እርሳቸውም ጠፍቶባቸዋል። በመጨረሻ ከመቀነታቸው ፈትተው የተጣጠፈ ብር አወጡ። የተቀበላቸው ልጅ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ትንሽ ቆይቶ ማኪያቶ ሲመጣለት «ጾም ነው እኮ!» ብሎ መለሰ። ብሩን ግን አልመለሰም።

የእናት መቀነት እያስፈቱ ከወተት መከልከል ምን ዓይነት ጾም ነው? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ከወንጌል አስበልጠን ይዘነዋል። ከዚያው ብር ቆንጥረን ደግሞ ጃንጥላና ምንጣፍ ገዝተን ስለት እናስገባለን። የጋለሞታ ዋጋ እንኳ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሏል (ዘዳ. 23፥18)። የድሃ እንባ ያለበት ብርስ?

ዘኬዎስን እዩት። የኢያሪኮ ሀብታም፣ የቀራጮች፣ የግብር ሰብሳቢዎች፣ አለቃ ነው። ጌታን ለማየት ከወጣበት ሾላ ወርዶ «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ (ሉቃ. 19፥8)። እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። በኦሪት ኃጢአቱን የተናዘዘ ሰው የሚመልሰው ዋናውንና አምስተኛ እጁን ነበር (ዘኍ. 5፥7)። አራት እጥፍ የሚከፍለው በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሌባ ነው (ዘጸ. 22፥1)። ዘኬዎስ ማንም ሳይከሰው ራሱን ከበግ ሌባ ቆጠረ። ጌታ እኮ «መልስ» አላለውም! ቤቱ ገባለት እንጂ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ደግሞም የበደለውን ገንዘብ ወስዶ መባ አላደረገውም። ለባለቤቱ ነው የመለሰው።

የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. ነው። ሥራው ያስፈልገናል። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የነበርነው ግን እኛ ባለ ማተቦቹ ነን። እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ።

«እጃችንን አናቆሽሽም» በማለታችሁ «ፋራ» የምትባሉ፣ አይዟችሁ። ሳሙኤል ሸምግሎ በሕዝቡ ፊት «ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልሁ?» ሲል የከሰሰው አንድም ሰው አልተገኘም (1ኛ ሳሙ. 12፥3-4)።

አንተ ግን ወንድሜ፣ ጾሙ ሳይፈታ ንስሐ ግባ። ከዚያ ፋይሉን አውጣው። የእናታችን ስልክ ቁጥር እላዩ ላይ አለ። ደውልላቸው።